በመናፈሻው ጥግ ያለው መዝገብ

ካዛንችስ፣ መስከረም 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደብሪቱ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱ ጀመረሽ ወይስ ገና ነው? እኛ የእስጢፋኖስ አምላክ ክብር ይግባውና ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጣሪያው ዘንድሮም አላፈሰሰም፣ ልጅሽ ፍሬሰላምም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። እኔም ጉልበቴን ካልቆጠርሽው ጤነኛ ነኝ።

እሁድ ስትደውዪ ያልነገርኩሽ ወሬ አለ። ስልኩ ሳሎን ነው ያለው፣ ሳሎን ደግሞ ሰው አይጠፋበትም፤ እኔ ወሬ በወረቀት ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ። ሹመት አግኝቻለሁ። አትሳቂ። ክፍለ ከተማው በየቀበሌው የመናፈሻና የአረንጓዴ ቦታ ኮሚቴ ሲያቋቁም ለእኛ ቀበሌ ሰባት ሰው መደበ፣ ከሰባቱ አንዷ እኔ ነኝ። የምደባው ደብዳቤ «ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉና በአካባቢው መልካም ስም ያላቸው» ይላል። ሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ስለ እኔ እንዲህ ያለ ቃል በማኅተም ተረጋግጦ አያውቅም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል አደረግኩት።

ቦታውን ታውቂዋለሽ። ከካዛንችስ ወደ ባምቢስ ሲወረድ ወንዙ ዳር ሰው ሁሉ ቆሻሻ ይጥልበት የነበረው ገደል ነው። አሁን ተጠርጎ፣ ታጥሮ፣ አፈር ተደፍቶበት መናፈሻ ሊሆን ነው። ሊቀመንበራችን ጋሽ ኃይለገብርኤል ናቸው፣ ያ በማርፈድሽ ያንበረከኩሽ የትምህርት ቤትሽ የድሮ ዩኒት ሊደር። አሁንም ስብሰባ ላይ አርፍዶ የመጣን ሰው ከበር ላይ ያቆሙታል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤ መጻፍ ከእኔ በቀር የሚችል የለም፣ የቀሩት አምስቱ እጅ ያወጣሉ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮናል። በመናፈሻው ጥግ አንድ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ኮንቴይነር አለ። የቀበሌው ወጣቶች ክበብ ያስቀመጠው ነው፣ «የወጣቶች ጤና አገልግሎት» ተብሎ ተጽፎበታል። ሲስተር ረውዳ የምትባል ነርስ ትቀመጥበታለች። ልጆቹ ጤና ጣቢያ መሄድ አይወዱም አሉ፤ እዚያ ካርድ የምታወጣው ጎረቤት ናት፣ ወረፋ የሚጠብቁትም የጓደኛ እናቶች ናቸው። እዚህ ግን የፈለጉትን ስም ሰጥተው ይገባሉ፣ ምክር ይጠይቃሉ፣ ደም ይመረመራሉ፣ ሌላም ሌላም። ጋሽ ኃይለገብርኤል መናፈሻ ሽማግሌ የሚያርፍበት እንጂ ወጣት የሚባልግበት አይደለም ብለው ኮንቴይነሩ እንዲነሳ አጀንዳ አስይዘዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ይነሳ ባይ ነኝ። ጽጌረዳ በሚተከልበት ቦታ ላይ ቆርቆሮ ምን ይሠራል?

ፍሬሰላም ጤናዋ ደህና ነው፤ ብቻ ዝምታ አብዝታለች። ሐምሌ ላይ የአባቷ የነፍስ ኄር ታዲዎስ እናት ሲያርፉ ቄራ ለቅሶ ሄዳ ሦስት ቀን ቆይታ ነበር፣ ከዚያ ከተመለሰች ወዲህ ነው። አያቷ ናቸውና ሐዘን ነው ብዬ ትቻታለሁ። የጥናት ብዛትም ይሆናል።

ከቻልሽ የአበባ ዘር ላኪልኝ። የጣልያን አገር አበባ ባምቢስ ዳር ቢበቅል ጋሽ ኃይለገብርኤል ምን እንደሚሉ ማየት እፈልጋለሁ።

እህትሽ ጥሩዬ

ይህ ደብዳቤ ግልባጭ አለው።


ቦሎኛ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ ጥሩዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለጉልበትዎ የሚሆን ቅባት በሰው ልኬያለሁ፣ ማታ ማታ ይቀቡት። ፋይል አያድርጉት።

ሹመትዎን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ለምጦራት አሮጊት፣ ለሲኞራዬ፣ ነገርኳት። ደመወዝ አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ የለውም፣ ማኅተም ብቻ ነው አልኳት። ዘሩን የሰጠችኝ እሷ ናት። ከመሳቢያዋ ጽሑፍ የሌለበት ፖስታ አውጥታ አበባ ነው አለችኝ። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፣ ግን አበባ ታውቃለች።

የኮንቴይነሩን ነገር ጥሩ አስበዋል። ይነሳ። ልጆች እንዲህ ያለ ቦታ ሲገቡ ሲወጡ ሰው ምን ይላል? ፍሬሰላም በዚያ በኩል እንዳታልፍ ይንገሩልኝ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እሁድ ስደውል ከሁለት ደቂቃ በላይ አታወራኝም። ስለ ትምህርቷ ስጠይቃት ደህና ነው ትላለች፣ ከዚያ የእኔን ጤና ትጠይቀኛለች። ደህና ነኝ ስላት መልሳ ትጠይቀኛለች። ያስልሻል ወይ፣ ክብደት ቀንሰሻል ወይ ትለኛለች። ከዚያ ስልኩን ለእርስዎ ትሰጣለች።

ቄራ ለቅሶው ላይ ማን ማን ነበር? የታዲዎስ እህት ጀማነሽ ነበረች? ፍሬሰላም ከማን ጋር አደረች? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅዎ። ከሰሙ ምን እንደተወራ ይጻፉልኝ፣ ካልሰሙም ግድ የለም።

ፎቶዋን ይላኩልኝ።

ታናሽዎ ደብሪቱ


ካዛንችስ፣ ህዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደብሪቱ፤

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፣ እኔ ወረቀት ስቀድ ደግሞ አይተሽኝ አታውቂም። ፍሬሰላም ታማ እንዳይመስልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጥቅምት 30 ስብሰባ ነበረን። ጋሽ ኃይለገብርኤል ኮንቴይነሩን ለማስነሳት ምክንያት ያስፈልጋል አሉ። ምክንያቱ የእኛው ልጆች እዚያ መመላለሳቸው ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊዋ የኮንቴይነሩን መዝገብ ታምጣ፣ ስሞቹ በስብሰባ ይነበቡ፣ ወላጆች ይጠሩ ተባለ። ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሰኞ ህዳር 4 ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። በር ላይ ቆመው የነበሩት ልጆች እኔን ሲያዩ ተበተኑ።

ሲስተር ረውዳ ወንበር ሰጠችኝ፣ በትሕትና አዳመጠችኝ፣ መዝገቡን ግን አልሰጠችኝም። «እማማ፣ መዝገቡ የእኔ አይደለም፣ የልጆቹ ነው። እኔ ጠባቂው ነኝ» አለችኝ። ሕፃን ናት፣ ከሠላሳ አይበልጣትም። ልቆጣ ስል አንድ ልጅ በጓሮ በኩል መስኮቱን አንኳኳና ተነስታ ሄደች። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ቀረ።

የአለቃን ደብዳቤ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ እንደተገለበጠ ማንበብ የማይችል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ አይደርስም። ላነብ አላሰብኩም አልልሽም። አነበብኩ። ልጆቹ ስማቸውን ራሳቸው ነው የሚጽፉት። አምስተኛው መስመር ላይ «ወለተ ኪሮስ» የሚል አየሁ።

ደብሪቱ፣ በሰማንያ ቀኗ እስጢፋኖስ ወስጄ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ቀኑ ስምንት ስለነበር አባ ወለተ ኪሮስ አሏት። ይህን ስም ከአንቺ፣ ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። ልጅቷ ስሟን ልትደብቅ ፈልጋ የክርስትና ስሟን ጻፈች፣ ክርስትና ያነሳቻት ሴት የኮሚቴው ጸሐፊ መሆኗን ግን ረሳች። ሌላ ወለተ ኪሮስ ትሆናለች እንዳልል የአባት ስም የሚለው ቦታ ላይ «ጥሩዬ» ብላለች። የታዲዎስን ስም መጻፍ አልቻለችም። የእኔን ጻፈች። ፊደሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝና እጇን አውቀዋለሁ።

ጉዳዩ፦ የደም ምርመራ፣ ያው ያ በሽታ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቷታል፣ ሁለቱም ላይ በቀይ «አልቀረበችም» ተብሏል። ሦስተኛው ቀጠሮ ህዳር 8 ነበር። ያን ቀን መስኮት ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቤት መጣች፣ ክፍሏን ዘጋች፣ ራት አልበላችም። ሦስተኛውም አልቀረበችም ማለት ነው።

መጀመሪያ ክፉ አሰብኩ፣ ይቅር ይበለኝ። ወንድ ይዛለች አልኩ። ቦርሳዋን ልፈትሽ ተነስቼ ነበር። ኋላ ግን ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝና አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ያስልሻል ወይ ትለኛለች ብለሽ ነበር። ለቅሶው ላይ ጀማነሽ ነበረች ወይ ብለሽም ነበር። አዎ ነበረች። ፍሬሰላም ሦስቱንም ሌሊት ያደረችው ከእሷ ጋር ነው።

እንግዲህ የአበባውን ዘር ተይውና እውነቱን ላኪልኝ። ታዲዎስ የሞተው በምንድን ነው? ሳንባ ነው ብለሽኝ ነበር፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩሽም። አሁን ግን ልጅሽ መልሱን ፈልጋ ኮንቴይነር በር ድረስ ሄዳ እየተመለሰች ነው። ይህን እንደማውቅ ለእሷ አልነገርኳትም። ብነግራት ዳግመኛ በዚያ በር አታልፍም።

እህትሽ ጥሩዬ

ይህ ደብዳቤ ግልባጭ የለውም።


ካዛንችስ፣ ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደብሪቱ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። የህዳሩ ደብዳቤዬ መልስ ሳያገኝ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። እሁድ እሁድ ትደውያለሽ፣ በረዶ ጣለ ትያለሽ፣ በረዶው ቀለጠ ትያለሽ። ፍሬሰላም አጠገቤ ስላለች እኔም ስለ በረዶው እጠይቅሻለሁ። እንዲህ እያልን የቦሎኛን አየር ጠባይ ከራሷ ከሲኞራሽ በላይ አወቅኩት።

አንቺ ዝም ብትዪም ኮሚቴው ዝም አላለም። ጋሽ ኃይለገብርኤል መዝገቡ የታለ አሉኝ። ነርሷ በቃል አልሰጥም ብላለችና ደብዳቤ ይጻፍ አልኩ። ተጻፈ። ወጪ ቁጥር የለውም ብዬ መለስኩት። ቁጥር ተሰጠው። የተጻፈው ለነርሷ ነው፣ መጻፍ የነበረበት ለክበቡ ነው አልኩ። ለክበቡ ተጻፈ። ግልባጭ ለማን እንደሆነ አልተገለጸም አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ እኔም በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ባለጉዳይ ያለቀሰብኝን ጥበብ ሁሉ አወጣሁት። አንድ ወር ተኩል አቆየሁት። ለመናፈሻው ብዬ እንዳይመስልሽ። ልጅቷ እስክትደፍር ድረስ ያ ክፍል ቆሞ እንዲጠብቃት ብዬ ነው።

ታኅሣሥ 24 ግን መላው አለቀብኝ። ስብሰባው ተጠራ፣ አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ኃይለገብርኤል መዝገቡን አመጣሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተነስቼ ቆምኩ።

«መዝገቡን አላመጣሁትም፣ ግን አይቼዋለሁ» አልኳቸው። «እዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጥነው ከሰባታችን፣ ከአንዳችን ቤት የመጣች ልጅ አለችበት። በቃለ ጉባኤ ይያዝ ከተባለ ስሟን አነባለሁ።»

ደብሪቱ፣ ከመሃላችን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሌለው የለም። አቶ መሐመድአሚን፣ ባምቢስ መለዋወጫ የሚሸጠው፣ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ንጹሕ መነጽር ነበር። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የራሱን ቤት ያስባል። የማን ናት ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ጋሽ ኃይለገብርኤል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወይዘሮ ጥሩዬ፣ አጀንዳው ይለፍ» አሉ። ኮንቴይነሩ ባለበት ይቆይ ተብሎ በሰባት ድምፅ ተወሰነ። እኔም እጄን አወጣሁ።

ስንወጣ ግቢው በር ላይ ጠበቁኝ። ያ አገር ያንቀጠቀጠ ዩኒት ሊደር ቆቡን በእጁ ይዞ «የኔዋ ማሚት ናት?» አለኝ። አይደለችም አልኳቸው። ቆባቸውን አደረጉና ሄዱ። በሳምንቱ ኮንቴይነሩ የሚገባው ልጅ በመንገድ በኩል ከሚታይ የጓሮ በር ቢከፈት ይሻላል ብለው ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ማሚትን ምን እንዳሏት አላውቅም። ትናንት ግን አብረው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ።

ክፍሉን አተረፍኩት፣ ልጅቷን ግን ገና አላተረፍኩም። እስካሁን ተመልሳ አልሄደችም። እየከሳች ነው፣ የከሳችው ስላልበላች ነው፣ እሷ ግን መክሳቷን በመስታወት እያየች ሌላ ታስባለች። አንቺም አብረሻት ዝም ብለሻል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገራችን ሰው፤ ጭራሽ መኖሩ ያልታወቀውን በሽታ እየደበቃችሁ ነው እናትና ልጅ። ካንቺ ጋር ምን እንዳለ አላውቅም። ስለ አንቺም መፍራት ጀምሬያለሁ። ይኸው ተናገርኩት።

እህትሽ ጥሩዬ


ቦሎኛ፣ ጥር 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩዬ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ደብዳቤዎችዎ ሁለቱም ደርሰውኛል። የህዳሩን በትራሴ ሥር አድርጌ ሁለት ወር ተኝቼበታለሁ፣ መተኛት ከተባለ። በስልክ ያልነገርኩዎ በአፌ ስለማይወጣ ነው። በእጄም ቢሆን ይኸው ስንት ቀን ፈጀብኝ።

ታዲዎስ የሞተው በሳንባ አይደለም። በኤድስ ነው። ቃሉን ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

በ1985 ከአሰብ መስመር ሲመለስ ፍራሹን ይዞ ውጪኛው ክፍል መተኛት እንደጀመረ ያስታውሳሉ። ያስለኛል፣ እንቅልፍ እነሳችኋለሁ ይል ነበር። እኔ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ነዘነዝኩት። ሽማግሌ ሆነው የመጡት እርስዎ ነበሩ፣ እርስዎም ወቀሱት። ሁሉንም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው ነገረኝ። የጭነት መኪናው ረዳት ታሞ ሲሞት ጠርጥሮ፣ ለብቻው ሄዶ ተመርምሮ ኖሯል። «ፍራሹን ያወጣሁት አንቺን ልሸሽ አይደለም፣ በሕይወት ላስቀርሽ ነው» አለኝ። ከእህቱ ከጀማነሽ በቀር ለማንም እንዳልነገረ ገልጾ፣ እኔም ለማንም እንዳልናገር በልጄ ስም አስማለኝ። እኔም ማልኩ። ለእርስዎ እንኳ ያልነገርኩዎ በመሐላዬ ነው፤ በኋላ ደግሞ እፍረትም ተጨመረበት።

አገሬ ሳለሁ መመርመር አልደፈርኩም። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ወር የሲኞራ ሐኪም ጠየቀኝ፣ እምቢ ማለት ፈርቼ ክንዴን ሰጠሁ። መልሱ ስምንት ቀን ፈጀ። እትዬ፣ ነጻ ነኝ። ካወቅኩት ዘጠኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ነጻ ነኝ ብዬ ብነግራችሁ ከምን ትሉኛላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ስለ ፍሬሰላም ፈጽሞ አልሰጋሁም ነበር፣ እኔ ነጻ ከሆንኩ እሷ ከየት ታመጣዋለች ብዬ። የእኔን ነጻ መሆን እሷ እንደማታውቅ ግን አላሰብኩም። ጤናሽ ደህና ነው ወይ እያለች በየሳምንቱ ስትጠይቀኝ፣ ምን እየጠየቀችኝ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ለስድስት ወር ልጄ እኔንም ራሷንም ስትቀብር ከርማለች። እኔ ስለ በረዶ አወራታለሁ።

መሐላዬን አፍርሻለሁ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ገብቼ ተናግሬያለሁ፣ በልጅሽ ስም የማልሽው ልጅሽን የሚገድል ከሆነ ይፈርሳል ብለውኛል።

ከዚህ ጋር ለፍሬሰላም የታሸገ ፖስታ አለ። የእኔ የምርመራ ወረቀትም እዚያው ውስጥ ነው። ስለ አባቷ ጽፌላታለሁ፣ ስለ ፍራሹም። ስለ ኮንቴይነሩና ስለ መዝገቡ ምንም አላነሳሁም። ፖስታውን እንዳይከፍቱት እለምንዎታለሁ። ልማድዎን ስለማውቅ ነው።

ኮንቴይነሩ ይነሳ ያልኩትን ይሰርዙልኝ።

ታናሽዎ ደብሪቱ


ካዛንችስ፣ የካቲት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደብሪቱ፤

እንደምን አደርሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ትናንትናም ዛሬም በደንብ እንደተኛሽ አውቃለሁ። እኔም ተኝቻለሁ፣ ተመስገን። እሁድ ፍሬሰላም ራሷ ነግራሻለች፣ አለቀሳችሁ፣ ሳቃችሁ፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ ልትነግርሽ ስትጀምር ካርድሽ አለቀ። የቀረውን እኔ ልጻፍልሽ።

ፖስታውን አልከፈትኩትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ደብዳቤ ከፍቼ መዝግቤያለሁ፤ ይህን ግን በሁለት እጄ ይዤ ወስጄ ሰጠኋት። ከእናትሽ ነው ብዬ በሩን ዘጋሁላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣች፣ ዓይኗ አብጧል። ድስቱን ከፈተችና ቆማ በላች። እኔም እንዳላየ ሰው ጋዜጣ አነባለሁ። በልታ ስትጨርስ፣ «እትዬ፣ ቅዳሜ አንድ ቦታ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። አንቺ እርስዎ ትዪኛለሽ፣ ልጅሽ አንቺ ትለኛለች፣ አሳዳጊው እኔው ነኝና ማንን እከሳለሁ? የት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። እሄዳለሁ አልኳት። መንገድ ላይ ግን ራሷ ተናገረች። «የእማዬን ወረቀት አየሁት፣ አምናለሁ። ግን የራሴንም ማየት እፈልጋለሁ፣ በቃ» አለች።

በጓሮ በር ነው የገባነው፣ በአዲሱ። ሲስተር ረውዳ እኔን እንደማታውቀኝ ሆና ሰላም አለችን። ነርስ ሆና ባትቀጠር መዝገብ ቤት እወስዳት ነበር። ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሦስት ልጆች አብረውን ይጠብቁ ነበር፣ አሁን ግን አልተበተኑም። አንደኛው እንዲያውም ቦታ ለቀቀልኝ።

ከዚያ ሲስተር ረውዳ በሩን ከፍታ «ወለተ ኪሮስ ጥሩዬ» ብላ ጠራች።

ፍሬሰላም አልተነሳችም። አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እጇ እጄ ውስጥ ነበር። አራተኛው «አልቀረበችም» ሊጻፍ ነው አልኩ በልቤ። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፣ ደብሪቱ፤ «አቤት» አልኩ። ጮክ ብዬ «አቤት፣ አለን» አልኩ። እስጢፋኖስ በሰማንያ ቀኗ ካህኑ በዚያ ስም ሲጠይቋት አፍ አልነበራትምና በእሷ ፈንታ የመለስኩት እኔ ነኝ። የክርስትና እናት የምትቆመው ለዚህ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ ዳግመኛ ሆነ።

ዞራ አየችኝ። ከዚያ ተነሳች፣ ተያይዘን ገባን።

ጣቷን ነው የወጓት። መልሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ተባለ። ውጪ አግዳሚው ላይ ተመልሰን ተቀመጥን። ከፊታችን የሲኞራሽ ዘር የተዘራበት መደብ ነበር። አበባ እንዳይመስልሽ። ሰላጣ ነው። መናፈሻችን መሃል ላይ የሚያምር ሰላጣ በቅሏል፤ ጋሽ ኃይለገብርኤል ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ያጠጡታል፣ ሳይቆርጡ የሚያድሩም አይመስለኝም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ ፍሬሰላም።

ከህዳር ጀምሮ አልኳት። መዝገቡን እንደተገለበጠ ማንበቤንም ነገርኳት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። ሦስት ወር ሙሉ እንዴት ዝም አልሽ አለችኝ። «እናትሽ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብላለች፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ» ብላት ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሲስተር ረውዳ ስትጠራን የሁለታችንንም ፊት አይታ ወንበር ላይ እስክንቀመጥ አላስጠበቀችንም። ቆመን ሳለን ነጻ ነሽ አለቻት። ፍሬሰላም እንደ ሕፃን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም አለቀስኩ፣ ነጠላዬ እስኪረጥብ አለቀስኩ። ከውጪ ያሉት ልጆች ሰምተው ኖሮ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌሎቹ ዝም አሰኙት።

ልንወጣ ስንል ፍሬሰላም ተመለሰች። መዝገቡ ላይ ስሜን ማስተካከል እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ሲስተር ረውዳ ግዴታ የለብሽም፣ እንዳለ ይቆይ ብትላት እምቢ አለች። እስክሪብቶውን ተቀብላ የክርስትና ስሟንና የእኔን ስም በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎኑ ጻፈች። ስሜ ሲሰረዝ ትንሽ ከፋኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን አሁን እንደተገለበጠ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ራሷ መዝገቡን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። «ፍሬሰላም ታዲዎስ» ይላል። እኔንም ይቅር ይበለኝ፣ ያን ሰው በሽምግልና ወቅሼዋለሁ። ትናንት እስጢፋኖስ ሄጄ በስሙ ጧፍ አብርቻለሁ።

የምርመራሽ ወረቀት እሷ ጋ ነው። ከራሷ ወረቀት ጋር አብሮ ተቀምጧል፣ ሁለቱም በአንድ ፋይል። ቁጥር አልሰጠሁትም።

እሁድ ስትደውዪ የሚበቃ ካርድ ግዢ፤ ሁለት ደቂቃው ቀርቷል። እኔም ተራዬን እየጠበቅኩ ሰላጣ እበላለሁ።

እህትሽ ጥሩዬ